ለሮክ ባንዳችሁ አዲስ ሰው ስታስገቡ

ድራመር ወይም ድምፃዊ ሲለቅ አብዛኛው ባንድ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልክ አንስቶ ጎበዝ የተባለ ሰው ማፈላለግ ነው። ችኮላው ይገባኛል። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሮክ ባንድ ሳይበተን ማቆየት ምን ያህል እንደሚያለፋ አውቃለሁ። ቢሆንም ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት የቀራችሁት ብቻችሁን ተቀመጡና ተነጋገሩ፦ የሄደውን የሚመስል ሰው ነው የምትፈልጉት ወይስ የራሱን ነገር ይዞ የሚመጣ? የሄደውን የሚመስል ከሆነ ፍለጋውን ለጊዜው ተዉት። የሚገባው ሰው በየልምምዱ ከሌለ ሰው ጋር ሲነጻጸር ይኖራል።

የአሜሪካው የሜታል ባንድ ሜታሊካ የደረሰበትን ተመልከቱ። ቤዝ ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነበር። ባንዱ ሐዘኑን ሳይወጣ ጄሰን ኒውስተድን አስገባ። በ1988 ባወጡት አልበም ላይ ቤዙ የለም ማለት ይቻላል። በጥሩ ማዳመጫ ስሙት፤ ከበሮው ጥርት ብሎ ይመታል፣ ጊታሮቹ ግድግዳ ሆነው ይቆማሉ፣ ከሥራቸው ግን ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ሰውየው እዚያ ነበር፣ ተጫውቷልም። ኒውስተድ ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 ለቀቀ። በ2003 ሮበርት ትሩሂዮን ሲቀበሉ ግን አካሄዳቸው ተቀይሮ ነበር፤ ከልባቸው መሆኑን እንዲያውቅ ገና ሲገባ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቅድመ ክፍያ ሰጡት። ትሩሂዮ ዛሬም አብሯቸው ነው።

የአውስትራሊያው የሮክ ባንድ ኤሲ/ዲሲም ተመሳሳይ ሐዘን ደርሶበታል። ድምፃዊው ቦን ስኮት በየካቲት 1980 ሞተ። ቦታውን የያዘው ብራያን ጆንሰን የሟቹን ግጥሞች እየደገመ እንዲኖር አልተፈረደበትም፤ ለአዲሱ አልበም ግጥም እንዲጽፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠው። «ባክ ኢን ብላክ» በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ወጣ። ሽፋኑ ለቦን ሐዘን ጥቁር ነው፣ የሚዘፍነው ግን ሌላ ሰው ነው፤ በዓለም በብዛት ከተሸጡ አልበሞችም አንዱ ሆነ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ለገባው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የራሱ የሆነ፣ ከሱ በፊት ማንም ያልተጫወተው አንድ ዘፈን አብራችሁ ጀምሩ።

አሁን ወደ ሙከራው። ሶሎ አታስጫውቱ፤ ሶሎ የሚነግራችሁ ሰውየው ቤቱ ስንት ሰዓት እንደተለማመደ ነው። ሁለት ዘፈን ቀድማችሁ ላኩለት፣ ሦስተኛውን እዚያው አስተምሩት። ድራመር ከሆነ መጀመሪያ በለመደው ኃይል ይምታ። ከዚያ ምንም ሳትነግሩት ጊታሩን ዝቅ አድርጉ። የሚሰማ ድራመር ዱላውን ያቀላል፣ ሃይሃቱን (በእግር የሚገጠሙትን ጥንድ ሳህኖች) ገጠም ያደርጋል። የማይሰማው እንደጀመረው ይቀጥላል። እኔ የማየው ቀኝ እግሩን ነው፦ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ከቤዜ ጋር እኩል ያርፋል ወይስ ይቀድመኛል? መሃል ላይ ሆን ብዬ አንድ ኖታ እዘላለሁ። ቀና ብሎ ካየኝ ግማሹን ፈተና አልፏል። መብራት ከጠፋም ልምምዱን አትበትኑ፤ ቦርሳውን የሚያነሳውንና ወንበር ላይ ምት እየመታ የሚጠብቀውን የምትለዩት ያኔ ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ ድራመሮቻችን ያደጉት ሠርግና ክለብ ውስጥ ችክችካ ሲመቱ ነው፤ እጃቸው ወደ ችክችካው ስድስት ስምንተኛ ምት ያጋድላል። የሮክ ቀጥ ያለ አራት አራተኛ ምት ላይ ስታስቀምጧቸው ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) ትንሽ ወደኋላ ይሳባል። አንዳንድ የባንድ መሪዎች ይህን እንደ ጉድለት ያርሙታል። እኔ አልስማማም። አንድ ዘፈን በሱ ምት ሞክሩ፣ ጊታሩ ይከተለው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን ይዞ ሲመጣ ጆሮ የሰጠነው የኛ ዜማና ከባዱ ጊታር አንድ ላይ ስለተገናኙ ነው።

ከሙከራው በኋላ አብራችሁ ብሉ። ፍሊትዉድ ማክ የተባለው የሮክ ባንድ በ1974 መጨረሻ ጊታሪስት ሲፈልግ ሊንዚ ቡኪንግሃምን አገኘ፤ እሱም ያለ ፍቅረኛው፣ ድምፃዊቷ ስቲቪ ኒክስ፣ አልገባም አለ። ባንዱ ውስጥ አስቀድሞ ሌላ ድምፃዊት፣ ክሪስቲን ማክቪ፣ ነበረች። የባንዱ ድራመር ሚክ ፍሊትዉድ ውሳኔውን ለሷ ተወላት፦ ከስቲቪ ጋር ካልተስማማችሁ አይሆንም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ተገናኙና ሴቶቹ ወዲያው ተግባቡ። እናንተም አዲሱ ሰው ቦታውን ሊጋፋው የሚችለውን አባል ቀድማችሁ ጠይቁት፤ እምቢ ካለም እምቢታውን አክብሩ።

መግባባት ሲባል ግን መዋደድ ብቻ አይምሰላችሁ። እነዚያው ሰዎች በ1977 የወጣውን «ሩመርስ» አልበም ሲቀዱ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆን ማክቪና ሚስቱ ክሪስቲን ተፋተው ነበር፣ ሊንዚና ስቲቪም ተለያይተዋል። ስቱዲዮ ሲገቡ ግን የሊንዚ፣ የስቲቪና የክሪስቲን ድምፆች ተጋጥመው ይቆማሉ። ስለዚህ «ደስ የሚል ልጅ ነው» ብላችሁ ብቻ ሰው አታስገቡ፤ ሻይ ቤት የሚያስቀን ሰው መድረክ ላይ ላይሰማን ይችላል።

ቶሎ አባል አታድርጉት። ቢትልስ ሪንጎ ስታርን በነሐሴ 1962 ሲወስዱ ሰውየውን ጀርመን ሀምቡርግ ውስጥ ሲጫወቱ ጀምሮ ያውቁት ነበር፣ ድራመራቸው በሌለበትም ተክቶ ተጫውቶላቸዋል። እናንተም ጥቂት ሥራዎች ላይ በእንግድነት አጫውቱት፣ ክፍያውን በዕለቱ ስጡት።

አባል ሲሆን ገንዘቡን በወረቀት አድርጉት፦ የመድረክ ክፍያ እንዴት እንደሚካፈል፣ ግጥምና ዜማ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ የልምምድ ቤት ኪራይ ማን እንደሚከፍል። «እኛ ወንድማማቾች ነን» ተብሎ የታለፈ ነገር በኋላ ያጣላል።

የመጀመሪያው መድረክ ላይ የሱን ዘፈን ሦስተኛ ወይም አራተኛ አድርጉት፤ እጁ ሞቆ፣ ሰዉም ተረጋግቶ ይሆናል። ሞኒተሩን (መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማበትን ድምፅ ማጉያ) ለሱ ቀድማችሁ አስተካክሉ። በስልክ ቅዱት። ስትወርዱ ስለ ስህተት አታውሩ፤ በነጋታው ሁላችሁም ባላችሁበት ቅጂውን ክፈቱና መጀመሪያ እሱ ይናገር።