የጋራ ሰንጠረዥን የሌላውን ሰው ሥራ ሳያውኩ ማጣራት

ገላን ያለው መጋዘናችን የዕቃ መዝገቡን የሚይዘው በጉግል ሺትስ፣ ማለትም ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚሠራበት ሰንጠረዥ ነው። «ሲሚንቶ» ብዬ ሳጣራ የብረቱ ረድፎች ከሁሉም ሰው ስክሪን ይጠፋሉ፤ ወዲያው «መዝገቡን ማን ሰረዘው?» የሚል ስልክ ይደወላል።

በተራ እንድንሠራ ተስማማን፤ ማንም ተራውን አልጠበቀም። ለራሴ ቅጂ አወጣሁ፤ አዲስ ገቢ ዕቃ አይታይበትም።

መፍትሔው «ዳታ» ከሚለው ምናሌ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ «ሪሙቭ ፊልተር» ብዬ የጋራውን ማጣሪያ አጠፋሁ፤ ከዚያ «ክሪኤት ፊልተር ቪው»ን (የማጣሪያ ዕይታ ፍጠር) መረጥሁ። የሰንጠረዡ ጠርዝ ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ማጣራቱም ሆነ በቅደም ተከተል መደርደሩ የሚታየው ለእኔ ብቻ ነው። ስም ሰጥቶ ማስቀመጥም ይቻላል። የማየት ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው እንኳ ጊዜያዊ ዕይታ መክፈት ይችላል፤ ይህን ማን በነገረን! ግን ልብ በሉ፦ እዚያው ውስጥ ቁጥር ከቀየራችሁ ለሁሉም ይቀየራል።