ጣቢያው መልስ ካልላከላችሁ፦ የአጭር ሞገድ አዳማጭ ችግርና መፍትሄ

ይህ የአጭር ሞገድ ራዲዮ አዳምጣችሁ፣ የሰማችሁትን በሪፖርት ለጣቢያው ጽፋችሁ፣ መስማታችሁን የሚያረጋግጥ ካርድ ለምትጠብቁ ነው። ባትሪው ደህና መሆኑን፣ አንቴናው መዘርጋቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጩኸት ጣቢያውን ይውጠዋል

ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነው። ርካሽ ቻርጀር ወይም ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል። ራዲዮውን በባትሪ አድርጉና የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፉት። ጩኸቱ ከቆመ ዕቃውን አንድ በአንድ መልሳችሁ ሰኩ፤ ጥፋተኛው ራሱን ያወጣል። መብራት በሄደ ማታ ራዲዮ ጥርት ብሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ትናንት የነበረው ጣቢያ ዛሬ የለም

ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች በዓመት ሁለቴ፣ በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ የሥርጭት ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ ይቀይራሉ። አዲሱን ፈልጉ። ቀን ቀን የ19 ሜትር፣ ማታ የ49 ሜትር ሞገድ ክልል መሞከርም አትርሱ።

አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ የማያቋርጥ ጩኸት

ብዙ ጊዜ ጃሚንግ ነው፤ ጣቢያው እንዳይሰማ ሆን ተብሎ የሚለቀቅ ጩኸት። ሌላ ፍሪኩዌንሲ ካላቸው ወደዚያ ሂዱ።

ሪፖርት ላክሁ፣ መልስ የለም

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «እስቲ እይልኝ» እያለ ሪፖርት የሚያመጣልኝ ብዙ ነው። ወረቀቱን ስቀበል መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ችግሩ እዚያው ነው።

አንድ ልጅ መስከረም 20 ቀን 2017 «2:00 ሰዓት» ላይ የሰማውን ለአንድ የአውሮፓ ጣቢያ ጻፈ። የዜና አንባቢዋን ስምና የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ሳይቀር አስፍሯል። እንዲህ የተለፋበት ሪፖርት በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው! የመጣለት መልስ ግን «በዚያ ሰዓት ማሰራጫችን ዝግ ነበር» የሚል ሆነ። ምን ያድርጉ? ዓመቱንም ሰዓቱንም በራሳቸው አቆጣጠር ነው ያነበቡት። ልጁ ምሽት 2:00 ማለቱ ነበር፤ ሴፕቴምበር 30፣ 2024፣ 17:00 ዩቲሲ (ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት)። አስተካክሎ ሲልከው ካርዱ መጣለት።

ሌላዋ ደግሞ ስልኳ ላይ 20:00 ስላየች «20:00 ዩቲሲ» ብላ ላከች። ያ እኮ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው! 3 መቀነስ ነበረባት።

ከኛ ሰዓት ወደ ዩቲሲ መቀየር ቀላል ነው። በኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ደምሩ፣ የማታና የሌሊት ከሆነ 15። 12 ሰዓትን እንደ ዜሮ ቁጠሩት። ከቀኑ 8:00 በዩቲሲ 11:00 ነው፤ ከምሽቱ 3:00 ደግሞ 18:00። ድምሩ 24 ከሞላ 24 ቀንሱ። ይህ አገር ቤት ላላችሁ ነው። ዱባይ ያላችሁ ስልካችሁ ከሚያሳየው ሰዓት 4 ቀንሱ።

ተጠንቀቁ፦ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9:00 ስልካችሁ አዲስ ቀን ያሳያል፤ በዩቲሲ ግን ገና ትናንት ነው። ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ ጻፉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ።

ሰዓቱ ልክ ሆኖ መልስ ከጠፋ ይዘቱን እዩ። «ፕሮግራማችሁ ግሩም ነው፣ ካርድ ላኩልኝ» ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ ሩብ ሰዓት አዳምጡ፤ በየደቂቃው የተባለውን ጻፉ። ከድረ ገጻቸው መገልበጥ ነውር ነው፣ ደግሞም ይነቃባችኋል። የሌላ አገር መቀበያ ላይ በኢንተርኔት ከሰማችሁም በግልጽ ተናገሩ።

ሲንፖ ላይ፣ ማለትም አቀባበሉ በአምስት ቁጥር በሚመዘንበት መለኪያ ላይ፣ 55555 የመሙላት በሽታም አለ። አምስቱ ቁጥሮች የምልክቱ ጥንካሬ፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ መግባት፣ ጩኸት፣ የሞገዱ መዋዠቅ እና አጠቃላይ ጥራት ናቸው፤ 5 ምርጥ፣ 1 መጥፎ። ጎረቤት ጣቢያ እየጮኸበት 5 ብትሰጡት ለመሐንዲሱ ምን ይፈይድለታል? 2 ከሆነ 2 በሉት፤ አይቀየማችሁም።

ካርድ የመላክ ግዴታ የለባቸውም። ኮፍያና ቲሸርት የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ! በየሳምንቱ «ምነው ዘጋችሁኝ» ማለትም ይቅር፤ መልስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለትንሽ ጣቢያ የመልሱን የፖስታ ወጪ አብራችሁ ላኩ።

በማያሰራጩበት ፍሪኩዌንሲ ሰማሁ

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ርካሽ ራዲዮ አንዱን ጣቢያ ሁለት ቦታ ያሰማል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ ነው። 9705 ላይ ያለው 8795 ላይም ብቅ ይላል። ከፍ ብላችሁ ፈልጉት፤ እዚያ ይበልጥ ጎልቶ ከተሰማ ሪፖርቱ ላይ የምትጽፉት 9705ን ነው።