በዶልፊን ከድሬ ሐረር፣ መኪና ውስጥ እያደሩ

ዶልፊን ሚኒባሳችንን ቤት ማድረግ ቀላል ነበር። የኋላ ወንበሮቿን ነቅለን ፍራሽ አነጠፍን፣ ጀሪካን ውሃና ቡታጋዝ ጫንን፣ አለቀ።

ከድሬ ምድር ባቡር ጣቢያ ጀምሩ። ከተማዋ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ ስለደረሰ ነው። በጠዋት ሂዱ፤ ከረፈደ ፀሐዩ አያስቆምም። ኳስ ወዳጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በኩል እለፉ። የፋብሪካው ቡድን፣ ጥጥ ማኅበር፣ ድሮ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። አጎቴ ዛሬም ስለሱ ሲያወራ ቡናው ይቀዘቅዝበታል።

ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈተናው የደንገጎ ዳገት ነው። እኛ ግማሽ ላይ ስንደርስ ራዲያተሩ ፈላ። ክዳኑን በትኩሱ ልከፍት ስል አጎቴ «አንተ! ፊትህን ጠልተኸዋል?» ብሎ እጄን መታኝ። ሞተሩን አጥፉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሲበርድ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ለመጠባበቂያ ውሃ ያዙ፤ የመጠጡን አትንኩ። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ።

ሐረር ላይ መኪናውን ከጀጎል ግንብ ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ። የውስጡ መንገድ ለአህያም ይጠባል። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ውጡ። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ እዩ።

ለአዳር ጥበቃ ያለው የሆቴል ግቢ ጠይቁ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ብርድ ልብስም ያዙ። እኔ የድሬ ሰው ነኝ ብዬ በሽርጥ ነው ያደርኩት፤ ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ ነጋ።