የባህር ጉዞ ገጠመኝ ለሚና ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል?

የሚና ጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ አንዱ ታሪኩን እየመራ ያጫውታል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይሆናሉ። ገጠመኝ የምለው በመንገዳቸው የሚመጣባቸውን ነገር ነው። መጀመሪያ የባህር ጉዞ ያጫወትኩ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የ12 ቀን ጉዞ ነው። በየቀኑ ዳይስ እወረውራለሁ፣ የወጣው ቁጥር ምን እንደሚያመጣ ከገጠመኝ ሰንጠረዡ አያለሁ፣ ይዋጋሉ፣ እንቀጥላለን። በሦስተኛው ቀን ኦክቶፐስ መጣ። በአምስተኛው ሻርክ። በሰባተኛው ሌላ ኦክቶፐስ፣ ዳይሱ ካለ ምን ላድርግ። ቀና ስል ሁለቱ ተጫዋቾች ስልካቸውን እየነካኩ ነው። አልፈረድኩባቸውም፤ መሬት ላይ የለመዱትን ውጊያ ወለሉን አርጥቤ ነው ያቀረብኩላቸው።

ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ደን ውስጥ ሽፍታ ከዛፍ ጀርባ ዱብ ይላል። ባህር ላይ ዛፍ የለም። ገጠመኙ የሚጀምረው የሆነ ነገር ከአድማስ ብቅ ሲል ነው፣ ከዚያ እስኪደርስ ያለው ሰዓት ሁሉ የተጫዋቾቹ ነው።

1. ጉዞው የሚበላውን ጻፉ

ጭራቅ ከመምረጣችሁ በፊት ሂሳብ ሥሩ። ሸራ ያላት መርከብ በአማካይ 5 ኖት (በሰዓት 5 የባህር ማይል) ብትሄድ በ24 ሰዓት 120 የባህር ማይል፣ ማለትም 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ከካርታችሁ ላይ ለክታችሁ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውጡ። 20 ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ በቀን 4 ሊትር ውሃ ቢደርሰው 80 ሊትር ነው፣ በ12 ቀን 960። በርሜሎቹ 1,100 ሊትር ይይዛሉ እንበል። ትርፉ ሁለት ቀን አይሞላም።

ይህን ወረቀት አትደብቁት፣ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡት። ውሃ፣ ሸራ፣ መርከበኛ፣ ቀን። አራት መስመር ይበቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ገጠመኝ ቢያንስ ከአንዱ ላይ እንዲቆርጥ አድርጉ። ሻርኩ ማንንም ባይነክስ እንኳ መርከቧን አንድ ቀን ካስቆማት ዋጋ አስከፍሏል።

«የኛ አስማተኛ እኮ ውሃ ትፈጥራለች» የሚል ተጫዋች አይጠፋም። አትከልክሉት። መርከበኞቹ ግን ይወቁ። ካፒቴኑ ያቺን ሴት በሰላም ከመርከብ የሚያወርዳት ይመስላችኋል?

2. ርቀቱን ለዩ

እኔ ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። የተመልካቹን ዓይን ከፍታ በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 አባዙት፣ አድማሱ በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ዓይኑ ከውሃው 4 ሜትር ከፍ ያለ ሰው 7 ኪሎ ሜትር ያያል፣ 25 ሜትር ምሰሶ ላይ የወጣው ደግሞ 18። ሌላ መርከብ ከሆነ ጫፏ ከዚያም ቀድሞ ይታያል፣ ምክንያቱም የመሬት ክብነት መጀመሪያ የሚደብቀው ታችኛውን ክፍል ነው። (ዓለማችሁ ጠፍጣፋ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።)

አሁን የምታሳድዳቸው መርከብ ከነሱ በ2 ኖት ብትፈጥን፣ 18 ኪሎ ሜትሩን ለመዝጋት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። አምስት ሰዓት! በዚህ ውስጥ ጭነት ወደ ባህር መጣል አለ፣ ባንዲራ መቀየር አለ፣ እስኪጨልም ጠብቆ መብራት አጥፍቶ መታጠፍ አለ፣ መርከበኞቹ እርስ በርስ መናቆር አለ። እናንተ በየሰዓቱ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ስጧቸው፦ መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ስንት ሰው እንደቆመባት። እነሱ ናቸው ጭንቀቱን የሚያበስሉት።

3. ለሚመጣው ነገር ፍላጎት ስጡት

ወንበዴ ቢሆን ሞቶ መዝረፍ አይፈልግም። አውሬ ቢሆን ይራባል፣ ይፈራል፣ ግልገል ይጠብቃል። የሚፈልገውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። መጻፍ ካቃታችሁ ሰርዙት።

ውጊያ የሌለበትም ያስፈልጋል። በጣም የተሳካልኝን ልንገራችሁ። መርከብ ላይ ደወል በየግማሽ ሰዓቱ ይመታል፣ ከአንድ እስከ ስምንት፤ የአራት ሰዓቱ ፈረቃ ሲያልቅ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጭጋግ ነው፣ ሌሊት ነው። ደወላቸው ሦስት መታ። ከጭጋጉ ውስጥ ሌላ ደወል መለሰ፣ አራት። አንዱ ተጫዋች «ሰዓታቸው ተሳስቷል» ብሎ ሳቀ። ቀረብ ሲሉ የፊት ምሰሶዋ የተሰበረ መርከብ አዩ። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ የተጣለበት አስከሬን አለ። ስሟን ለማንበብ ፋኖስ ሲያነሱ የራሳቸው መርከብ ስም ነው። በግማሽ ሰዓት ቀድማቸው ያለች እነሱው ናቸው። ያን ጊዜ ስልክ የነካ አልነበረም፤ አንዱ ሮጦ የፊት ምሰሶውን ገመድ መፈተሽ ጀመረ።

4. ሰንጠረዡ

አጭር ነው። ሁለት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ወርውራችሁ ደምሩ። 7 የመውጣት ዕድሉ ከ36 ስድስት ነው፣ 2 እና 12 ግን አንድ አንድ። መሃሉ ላይ ነፋስ መቆም፣ ጭጋግ፣ ነጋዴ መርከብ፣ የሚንሳፈፍ ስባሪ። ዳር ዳሩ ላይ ያ የምትኮሩበት ጭራቅ። በየቀኑ አትወርውሩ። ለአንድ ጉዞ ሦስት ጊዜ በቂ ነው፦ ስትወጡ፣ መሃል ላይ፣ መሬት ሲቀርብ። የተረፈውን ቀን «አራት ቀን ምንም አልሆነም» ብላችሁ እለፉት።

5. መርከበኞችና ማዕበል

ሦስት መርከበኛ ስም አውጡላቸው። ሃያውንም አትድከሙበት። አንዱ ዕዳ አለበት፣ አንዷ ባህር ትፈራለች፣ አንዱ ከካፒቴኑ ጋር ተኳርፏል። ማዕበሉ ሰው ሲወስድ ከሦስቱ አንዱን ይውሰድ።

ማዕበልን «ዳይስ ወርውሩ፣ አለፋችሁ፣ ወደቃችሁ» ብታደርጉት ይሞታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቦታ ስጡት፦ መሪው ላይ፣ ሸራው ላይ፣ ውሃ ማውጫው ላይ። ከዚያ ምርጫ አምጡ። ምሰሶውን ከቆረጡት መርከቧ ትድናለች፣ ግን ቀሪው ጉዞ በግማሽ ፍጥነት ነው። ወረቀቱን አስታወሳችሁ? የ80 ሊትሩ ሂሳብ አሁን ነው የሚነክሳቸው፤ እናንተ ምንም ሳትሉ ከተጫዋቾቹ አንዱ እስክሪብቶ አንስቶ መደመር ይጀምራል።

ወደብ ሲደርሱ ወረቀቱን አትጣሉት። የተሰበረው ምሰሶ ጥገና ይፈልጋል፣ የሞተው መርከበኛ ቤተሰብ አለው፣ ዕዳ የነበረበትም ከሆነ አበዳሪው ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።