ልጃችን የበላችውን በስልክ ስንመዘግብ ያጋጠሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሐኪሙ ልጄ ደም ማነስ እንዳለባት ሲነግረን «ለመሆኑ ምን ትበላለች?» ብሎ ጠየቀ። አፌን ሞልቼ መመለስ አቃተኝ። 15 ዓመቷ ነው፤ ከምትበላው ግማሹን አላየውም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት በስልኳ መመዝገብ ጀመርን።

ምልክቱ፦ በመዝገቡ መሠረት ልጅቷ ምንም አልበላችም ማለት ይቻላል።
ምክንያቱ መርሳት ነው። ማታ ስትጽፍ ምሳና እራት ትዝ ይላታል፤ ትምህርት ቤት በር ላይ የበላችው ሳምቡሳ ግን የለም። መፍትሄው ፎቶ ነው፤ አንድ ከመብላቷ በፊት፣ አንድ ከበላች በኋላ። ትምህርት ቤቱ ስልክ ከከለከለ ቤት እንደገባች በድምፅ ትቅዳው።

ምልክቱ፦ ፎቶው አለ፣ መጠኑ ግን አይታወቅም።
በጣም ያደከመን ይሄኛው ነው። ብዙዎቹ የምግብ መመዝገቢያ አፖች የታሰቡት በየራሱ ሳህን ለሚበላ ሰው ነው። እኛ ደግሞ አራት ሆነን ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጉርሻስ? አያቷ ያጎረሷትን ማን ይቆጥራል? መጀመሪያ ለብቻዋ ሳህን ሰጠናት። ስህተት ነበር፤ ብቻዋን ስትሆን ሁለት ጉርሻ ብላ ትነሳለች። ወደ ትሪው መለስናትና በእንጀራ መቁጠር ጀመርን፦ ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድ። ወጡን በጭልፋ። ፎቶውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ጋደል አድርጋችሁ አንሱ፤ የወጡ ብዛት የሚታየው እንዲያ ነው። መጠን ለማነጻጸር የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጡ። ዘይት በፎቶ አይታይም፤ ወጡን የሠራውን ሰው ጠይቁ።

ምልክቱ፦ አፑ ረቡዕና ዓርብ «ምግቡ ጎደለ» ይላል።
ጾም መሆኑን አያውቅም። ሽሮንም አያውቅ ይሆናል። የጾም ቀን ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ የምግቡን ስም ራሳችሁ ጻፉ።

ምልክቱ፦ ፎቶው ድንገት ቆመ።
ጥፋቱ የእኔ ነበር። ብስኩት ባየሁ ቁጥር እናገራት ነበር። ዝም ስል ፎቶው ተመለሰ። ካሎሪ የሚቆጥረውንም ክፍል አጠፋነው። ልጃችሁ በቁጥሩ ከተጨነቀ ወይም ምግብ መዝለል ከጀመረ ግን መዝገቡን አቁሙና ሐኪም አማክሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶዎቹን ለሐኪሙ አሳየነው። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ። ከእያንዳንዱ ምሳ ቀጥሎ ደግሞ ሻይ አለ። ሻይ ከምግቡ የሚገኘው አይረን (ሰውነት ደም ለመሥራት የሚፈልገው ማዕድን) በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል፤ በእሷ ዕድሜ ላለች ሴት ልጅ ደግሞ በቀን 15 ሚሊግራም ገደማ አይረን ይመከራል። ሐኪሙ የአይረን ክኒን አዘዘላት። ሻዩን ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት አራቅነው፣ አይረኑ በደንብ እንዲገባ ደግሞ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ጀመርን።