ደጋን ከመግዛታችሁ በፊት

አብዛኛው ጀማሪ በጉልበተኛ ደጋን ይማረካል። ተዉት። ለአዋቂ ጀማሪ አውታሩን ለመሳብ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቅ ደጋን ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ትከሻችሁ ይንቀጠቀጣል፣ መጥፎ ልማድም ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

መጀመሪያ ስታነጣጥሩ የሚመራውን ዓይናችሁን እወቁ። በሁለት እጃችሁ ትንሽ ቀዳዳ ሠርታችሁ ራቅ ያለ ነገር እዩበትና አንዱን ዓይን ጨፍኑ፤ ነገሩ ከቀዳዳው ካልጠፋ የሚመራው የተከፈተው ነው። አውታሩን በዚያ በኩል ባለው እጅ ትስባላችሁ፣ ጉልበቱ ግን ከጀርባችሁ ጡንቻ ይምጣ። እጃችሁን ሁልጊዜ አገጫችሁ ሥር አንድ ቦታ ላይ አሳርፉ። ስትለቁ ጣታችሁን ዘና ማድረግ ብቻ ነው።

ቀስት ሳይኖርበት አውታሩን ስባችሁ በጭራሽ አትልቀቁ! ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ደጋኑን ሊሰብረው ይችላል።

አደን ላይ አትቸኩሉ። ፈቃዱንና ሕጉን አጣሩ፤ ለአጋዘን ቢያንስ 40 ፓውንድ የሚጠይቅ ቦታ አለ። እንስሳው ጎኑን ሲሰጣችሁ ብቻ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባና ልቡ ላይ አነጣጥሩ። በልምምድ ቀስቶቻችሁን ሁሉ በአንድ ሰሃን ስፋት ውስጥ ከማታሳርፉበት ርቀት ግን አትሞክሩት፣ እንስሳን አቁስሎ መልቀቅ ነውር ነው። ከመታችሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ወዲያው ከተከተላችሁት ደንብሮ ርቆ ይሄዳል።