ለአነስተኛ ትራክተር ባኬት የሚስማማ ባለጥርስ ብረት እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ በነሐሴ ሐሩር ባኬት፣ ማለትም ከትራክተር ፊት የሚገጠመውን የአፈር መዛቂያ፣ ያሳረፈ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ከ25 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ኩቦታ ወይም ጆን ዲር ትራክተር ሞተሩ እያጓራ ቢገፋም የባኬቱ ስለት መሬቱን ይልጠዋል እንጂ አይገባበትም፤ የኋላ ጎማዎቹም ባሉበት ይሽከረከራሉ። ለዚህ የሚሠራው መፍትሔ ቱዝባር የሚባለው፣ በባኬቱ አፍ ላይ በቡሎን የሚታሰር ባለጥርስ ብረት ነው። ይህ ብረት ለትራክተሩ ጉልበት አይጨምርለትም፤ አንድ ሜትር ተኩል በሚሆን ስለት ላይ የተበተነውን ግፊት በስድስት ወይም በሰባት ጥርሶች ጫፍ ላይ ይሰበስበዋል።

በመጀመሪያ ባኬቱ በአብዛኛው የሚውለው ለምን እንደሆነ ይወስኑ። ሥራዎ በረዶ መጥረግ፣ ከአስፋልት ላይ ጠጠር ማፈስ ወይም ባኬቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ ደጅ መደልደል ከሆነ ባለጥርስ ብረት አይግዙ፤ ጥርሶቹ የተደለደለውን መሬት መልሰው ይቦጫጭሩታል። መሬት መቆፈር፣ ቁጥቋጦ መንቀልና የተጠቀጠቀ የአፈር ክምር መናድ የሚበዛብዎት ከሆነ ግን ገንዘቡ አያስቆጭም።

ገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። አንደኛው በወፍራም ብረት ላይ የጥርስ መያዣዎች ተበይደውበት ጥርሶቹ በፒን የሚታሰሩበት ነው፤ ጥርሶቹ ወደፊት ረዘም ብለው ስለሚወጡ ለሸክላና ድንጋይ ለበዛበት አፈር ይመረጣል፣ አንዱ ቢሰበርም ፒኑን መትቶ በማውጣት እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሁለተኛው ከአንድ ጠንካራ ላሜራ እንደ መጋዝ ተቆርጦ የተሠራ ሲሆን፣ ጥርሶቹ አጫጭርና የተቀራረቡ በመሆናቸው ሥርና ቁጥቋጦ ለመቁረጥ ጥሩ ነው፤ ሲያልቅ ግን በተናጠል የሚቀየር ጥርስ የለውም። ለሸክላ መሬት እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት መለዋወጫ ጥርሱ ከሌላ ሻጭም የሚገኝ የተለመደ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። የዳርና የዳር ጥርሶች ወደ ባኬቱ ጎኖች የተጠጉ መሆናቸውንም ይመልከቱ፤ ወደ መሐል ከገቡ የባኬቱ ጎኖች ካልተቆፈረ አፈር ጋር ይጋጫሉ፣ ቁፋሮውም ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬት ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ አይቸኩሉ። 60 ኢንች ተብሎ የተሸጠ ባኬት ያ ቁጥር የውጭ ስፋቱ ሊሆን ይችላል፤ ባለጥርሱ ብረት ግን የሚገባው በሁለቱ ጎኖች መካከል ነው። ስለዚህ ባኬቱን ጠፍጣፋ መሬት ላይ አሳርፈው፣ ሞተሩን አጥፍተውና ቁልፉን ነቅለው የውስጥ ስፋቱን በሜትር ይለኩ፤ አንዴ በስለቱ ላይ፣ አንዴ ከስለቱ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ገብተው፣ አንዴ ደግሞ ከኋላ። ያገለገለ ባኬት ከጉቶ ጋር ሲጋጭ ጥጉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የእኔ ባኬት ከኋላ የነበረው ስፋት ከፊቱ በግማሽ ኢንች ይበልጥ ነበር፤ እኔ ግን የለካሁት ከኋላ ብቻ ስለነበር ብረቱ ሲመጣ አልገባ ብሎ ጫፉን በግራይንደር ለመሞረድ ተገደድኩ። ለሻጩ የሚነግሩት ከሦስቱ ልኬቶች ትንሹን ይሁን፤ የስለቱን ውፍረትም ይጨምሩለት፤ በተለይ ባኬቱ ተጨማሪ ስለት በቡሎን የታሰረበት ከሆነ።

ክብደቱንም አይርሱ። የዚህ መጠን ብረት ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 45 ኪሎ ይመዝናል። ክብደቱ የሚያርፈው ከትራክተሩ በጣም ርቆ በባኬቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ የማንሳት አቅምን የሚቀንሰው ከራሱ ኪሎ በላይ ነው፤ ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ሳይኖር የሚሠራ ሰው ይህን በቶሎ ያየዋል።

በመጨረሻ አስተሳሰሩን ይመርምሩ። በደንብ የተሠራ ብረት በባኬቱ ስለት ላይ ሙሉ በሙሉ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ሲገፉ ጭነቱን የሚሸከመው ስለቱ ነው፣ በጎን ያሉት ሁለት ቡሎኖች ደግሞ ብረቱ ወደፊት እንዳይወጣ ይይዙታል። በስለቱና በብረቱ መካከል ክፍተት ካለ ግፊቱ ሁሉ በቡሎኖቹ ላይ ያርፍና ቀዳዳዎቹን ያሰፋቸዋል። ስለዚህ የጎን ቀዳዳ ከመብሳትዎ በፊት ብረቱን በመዶሻ እየመቱ ስለቱ ላይ አጥብቀው ያስቀምጡት፤ የሚበሱበትን ቦታ ምልክት በብረቱ ቀዳዳ በኩል ያድርጉ። ከዚያም በቀጭን ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ጀምረው፣ ዘይት እየጨመሩና ትራፓኖውን በዝግታ እያዞሩ ያስፉት። ቡሎኑ ባለ 8 ደረጃ (Grade 8) ይሁን፤ በቡሎኑ ጭንቅላት ላይ ስድስት አጫጭር መስመሮች ይታያሉ፣ ሦስት ብቻ ካዩ ባለ 5 ደረጃ ነው። ሮንዴላ አድርገው ዳዶውን በደንብ ያጥብቁ።

ባለጥርሱ ባኬት ቀድሞ ወደማይደርሱበት ጥልቀት ስለሚገባ፣ በአሜሪካ ከመቆፈርዎ ቀናት አስቀድመው 811 ደውለው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ያስመልክቱ። ሲጀምሩም ጉቶን በአንድ የዳር ጥርስ ለመፈንቀል አይሞክሩ፤ በአንድ ወገን የሚመጣ ኃይል ባኬቱን የሚያነሱትን የሎደሩን ክንዶች ያጣምማል። ከሁለትና ሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ ብረቱ በስለቱ ላይ ይበልጥ ስለሚደላደል፣ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቋቸው።